የገንዳው ስንቅ

ናዝሬት ውስጥ መኪና የነበራቸውን ሰዎች እንቃቸው ነበር። መኪና ያልነበራቸውንም እንቃቸው ነበር። ለሁለቱም የሚበቃ ንቀት ያገኘሁት መኪናዬን በገዛ እጄ የሠራሁ ሰው በመሆኔ ነው። ዛሬ ዕድሜ ሰጥቶኝ ሳስበው፣ ከሁሉ አስቀድሞ መናቅ የነበረበት ያ መኪና ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ሠሪው።

አመጣጡ እንዲህ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የሸንኮራ እርሻ ወርክሾፕ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። አለቃዬ ፈረንጅ ነበር። አብዮቱ መጥቶ እርሻው ሲወረስ ፈረንጁ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ አገሩ ሄደ። ሲሄድ ከፍቷቸው የማያውቅ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ሳጥኖች ተወልኝ። ውስጣቸው ተበታትኖ የመጣ የስፖርት መኪና ነበር። ገላው ፋይበርግላስ፣ መቀመጫው ሁለት ብቻ፤ በአሮጌ ቮልስ ሻንሲና ሞተር ላይ ገዢው ራሱ እንዲገጥመው የተሠራ። በእነሱ አገር ሀብታም ያልሆነ፣ ግን ሀብታም መምሰል የሚያምረው ሰው፣ በበጋ እሑድ እሑድ የሚጫወትበት ዕቃ መሆኑን ራሱ ፈረንጁ ነግሮኛል። ወዶኝ ይስጠኝ ጠልቶኝ እስካሁን አላወቅሁም።

ለመግጠም ሰባት ወር ፈጀብኝ። መመሪያው የተጻፈበትን ቋንቋ ስለማላውቀው ሥዕሉን እያየሁ ነበር የምሠራው። ለጣሪያ የመጣውን ሸራ ሳጥኑ ውስጥ እያለ አይጥ በልቶታል፤ ስለዚህ ጣሪያ የለውም። በርም የለውም። እግርህን አንስተህ፣ አጥር እንደሚሻገር ሰው ተሻግረህ ነው የምትገባው። የመኪና ቀለም ከገበያ ስለጠፋ በትራክተር ቀለም ብርቱካንማ አድርጌ ቀባሁት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ ሞተሩ ከኋላ ነበር፤ ሲነሳ ድምፁ ከፖስታ ቤት እስከ ባቡር ጣቢያ ይሰማል። ቁመቱ ከጋሪ ፈረስ ጉልበት እምብዛም አያልፍም። በመጀመሪያው ዝናብ ቀን ውስጡ ውሃ ሞልቶ ያየው ሕዝብ ስም አወጣለት፤ "ገንዳው" አለው። የእኛ ከተማ ሰው በሌላ ነገር ሁሉ ይሳሳታል፣ ስም ሲያወጣ ግን ስቶ አያውቅም።

ለበጋ እሑድ የተሠራ መጫወቻ መሆኑን እያወቅሁ፣ ክረምት ከበጋ ሥራ የምሄደውና የምመለሰው በእሱው ነበር። ሌላ ምን ነበረኝ? ከጥር ጀምሮ የናዝሬት ነፋስ አቧራውን ተሸክሞ ሲመጣ የብየዳ መነጽር አድርጌ እነዳለሁ። ወርክሾፕ ስደርስ ከመነጽሩ ክብ በስተቀር ፊቴ ላይ የሰው መልክ የሚመስል ነገር አይቀርም። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ጎርፉ ከኮረብታው ወርዶ መንገዱን ይዞ ይመጣል። ከላይ የሚገባው ውሃ እንዲወርድ ብዬ ወለሉን ስድስት ቦታ በሳሁት። በቀዳዳው ከታችም ውሃ እንደሚገባ የገባኝ ከበሳሁት በኋላ ነው። በዝናብ ካፖርትና በጎማ ቦቲ ውሃ ውስጥ ተቀምጬ ስሄድ የቀበሌያችን ካድሬ "የቡርዧ መጫወቻ!" ብሎ ይጮህብኛል። ቡርዧ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲነዳ የት እንዳየ አንድ ቀን ጠይቄዋለሁ።

አንድ ጥቅም ብቻ ነበረው። በእኛ ሰፈር መኪና የባለቤቱ አይደለም፣ የሰፈሩ ነው። ቁልፍ ስትይዝ ያየህ ሁሉ "እግረ መንገድህን" እያለ ይሳፈራል፤ አንዷ ገበያ፣ አንዱ ቀበሌ፣ አንዷ ከነልጇ ክርስትና ቤት። እምቢ ያለ ሰው ሲሞት የሚቀብረው የለም። ገንዳው ግን ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ስለሚይዝ፣ እሱም ቢሆን ጉልበቱ አገጩ ድረስ ስለሚመጣ፣ ማንም ለምኖኝ አያውቅም። በዚህ ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ የአሰብ መንገድ የተሳቢ ሾፌር ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ከፍ ብሎ ተቀምጦ አገሩን ቁልቁል ሲያይ የኖረ ሰው ነው። እናቴ ከሞተችና እሱም ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ገንዳውን ሠርቼ የጨረስኩ ዕለት ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞረውና፣

"ክዳኑስ?" አለኝ።

"ክዳን የለውም፣ አባዬ።"

"ሬሳ ሳጥን መስሎኝ ነው" ብሎ ወደ ቤት ገባ። መኪና ሽቅብ የሚወጡበት እንጂ ቁልቁል የሚወርዱበት አይደለም ይል ነበር፤ አንድም ቀን አልተቀመጠበትም።

ከዚያ ሳል ጀመረው። መጀመሪያ አቧራው ነው አለ። ቀጥሎ ያንተ መኪና ጭስ ነው አለ። መሐረቡ ላይ ደም ሳይ ጊዜ ክርክሩ አበቃና ሆስፒታል ወሰድኩት፤ ሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ነርሷ ፊት ለፊት ነገረችው፤ ስልሳ መርፌ፣ በየቀኑ፣ ከዚያ ክኒን። "አንድ ቀን እንኳ እንዳያስታጉሉ፤ ካቋረጡ መድኃኒቱ ሁለተኛ ላይሠራልዎ ይችላል" አለችው። አባቴ ከመርፌው ይልቅ የሰው አፍ ነበር የፈራው። የሳንባ በሽተኛ ብርጭቆው ይለያል፣ ልጁን የሚያገባለት የለም፣ ዕድር ላይ ወንበር ይሸሽበታል። በጋሪ እንዳይሄድ ጋሪ ላይ ሁልጊዜ የሚያውቅህ ሰው አለ። በጎረቤት መኪና እንዳይሄድ አራት ጎረቤት አብሮት ይሄዳል። ምስጢር ይዞ የሚኬድበት መኪና በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጣሪያ የሌለው።

"እሺ፣ በሳጥንህ እንሂድ" አለኝ፤ "ግን የምታቆመው እኔ በምነግርህ ቦታ ነው።"

የነገረኝ ቦታ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለችው ጠባብ መንገድ ናት። መንገዷ ላይ የደህንነት ሰዎች የሚቀመጡበት ግቢ ነበር። በዚያ ዘመን ወጣቱ ከየቤቱ እየተለቀመ ይወሰድ ስለነበር በዚያ ግድግዳ ሥር የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ ያገሩ ሰው ዞሮ ነበር የሚሄደው። "እዚያ ቆሞ የሚያየኝ ጎረቤት የለም" አለ አባቴ። ከግቢው በር ፊት ለፊት አቆምኩለት፤ ወርዶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ግድግዳውን ታክኮ በሆስፒታሉ የጓሮ በር ገባ። መርፌውን ተወግቶ ተመለሰ። ብልሃቱን አደነቅሁለት። እኔም ከእሱ የማላንስ ብልጥ ስለነበርኩ፣ ከተማው ሙሉ የሚያውቀው ብርቱካንማ መኪና፣ ከተማው ሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣ በየማለዳው እዚያ ግቢ በር ላይ እንደሚቆም አልታየኝም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሰው ሁሉ ትሑት ሆነልን። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ አባቴ ሲደርስ ሰልፉ ይከፈታል፤ አልቋል የተባለው ስኳርም ከውስጥ ይወጣለታል። ሻይ ቤት ሲገባ ወሬው ይቆምና ሁሉም ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራል። የዕድሩ ጠቅላላ ጉባዔ በሙሉ ድምፅ ዳኛ አድርጎ መረጠው። ያ ካድሬ እንኳ ገንዳውን ሲያይ መጮሁን ትቶ እጅ መንሳት ጀመረ። አባቴ በጣም ደስ አለው።

"አየህ፣ ሰው ዕድሜ ሲገፋ ይከበራል" አለኝ። "አንተ ሰውን ስለምትንቅ ይህ አይገባህም።"

ነገሩን የነገረኝ አንድ የወርክሾፕ ባልደረባዬ ነው። ግራ ቀኙን አይቶ፣ "አባትህ ያንን ሥራ ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆናቸው?" አለኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ሳቄን ሲያይ የበለጠ ፈራ። አባቴን ጆሮ ጠቢ አድርገውታል፤ በየማለዳው እየሄደ ሰው የሚያስበላ። ትናንት ቡና ያጠጡት ሰዎች ናቸው ይህን ያመኑት። ማመናቸውስ ይሁን፤ አምነው እጅ መንሳታቸው፣ አምነው ስኳር ማቀበላቸው፣ አምነው ዳኛ ማድረጋቸው ነው የከነከነኝ። ሁሉንም አንድ በአንድ ናቅኳቸው። ለአባቴ ግን አልነገርኩትም፤ መርፌውን እንዳያቋርጥ ፈራሁ። ስኳሩንም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ተቀብያለሁ።

ሠላሳ ስምንተኛው መርፌ ቀን ማለዳ፣ አባቴን አሳፍሬ ሞተሩን እንዳስነሳሁ ከሁለት ቤት ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን መጣች። ሽንኩርት ነጋዴ ናት። አንድ ልጅ ነበራት፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፤ ከተወሰደ አምስት ወር ሆኖታል፣ የት እንደተወሰደ አይታወቅም። መጥታ እጇን የገንዳው ጠርዝ ላይ አደረገች። መስታወት ያለው መኪና ቢሆን ሰው መስታወቱን ዘግቶ ይሄዳል፤ እኛ ግን እግሯ ሥር ነበር የተቀመጥነው።

"አካም ቡልተን ጋሼ" አለች፤ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው። "ማሎ፣ እባክዎ፣ የት እንዳለ ብቻ ይጠይቁልኝ። ፍቱልኝ አልልም። የት እንዳለ ብቻ።"

"ማንን ልጠይቅልሽ፣ እህቴ?"

"እነሱን ነዋ።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ሞተሩን አጠፋሁት። ከፊቴ ላይ ሁሉን አነበበ። ቀስ ብሎ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደና የሆስፒታል ካርዱን አወጣ።

"ይኸውልሽ፤ ሳንባዬን ታምሜ ነው። መርፌ ልወጋ ነው የምሄደው።"

ማንበብ አትችልም። ማኅተሙን ስታይ ፊቷን ቶሎ አዞረች። "አያሳዩኝ ጋሼ። መታወቂያዎን አላየሁም። ለማንም አልናገርም።"

"መታወቂያ አይደለም! የሳንባ ነው እኮ የምልሽ!" አለና ሳሉ ተነሳበት። ስልሳ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ፈርቶ የኖረ ሰው፣ ደም ያለበትን መሐረብ መንገድ ላይ ዘርግቶ አሳያት።

"እግዜር ይማርዎ" አለች፤ "ሥራውም ከባድ ነው።" ከነጠላዋ ሥር አንድ ሰማያዊ ሹራብ አውጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችና ሄደች። የሹራቡ ክርን ተቀዶ በአረንጓዴ ክር ተጠግኗል።

በማግሥቱ አባቴ በትልቁ የሆስፒታል በር ወርዶ፣ ጋቢውን ገልጦ፣ ሰው እያየው ገባ። ይታይልኝ፣ የሳንባ በሽተኛ ልባል ብሎ ነው። ሰፈሩ ምን አለ? "አሁን ደግሞ ሆስፒታሉን እንዲጠብቁ ተመድበው ነው" አለ። ከዚህ ሕዝብ ጋር ምን ታደርጋለህ?

ስልሳውን መርፌ ጨረሰ። የጨረሰ ዕለት ማታ ሹራቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆየና፣ "ከታማሁ አይቀር ልጠይቅላት" አለኝ። በዚያ ጊዜ ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ ሰው ለለቅሶ እንኳ ሳምንት ይመላለሳል። የእኛ ሊቀ መንበር ግን አባቴን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ፤ ወዴት ነው፣ ለምንድን ነው ሳይል ፈረመ፤ የቤንዚን ኩፖንም ጨመረበት። ሐሜታቸው እውነቱ ያልሰጠንን ሰጠን።

ሴትዮዋ ጭኮ ሠርታ ሰጠችን፤ ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በቅቤ ለውሳ፣ ክዳን ባለው የአልሙኒየም ምሳ ዕቃ ሞልታ። አባቴ ምሳ ዕቃውን በሁለት ጉልበቱ መሃል፣ ሹራቡን ደረቱ ላይ፣ የብየዳ መነጽሬን ዓይኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ አድርገን ወረድን። አንድ ተሳቢ ከፊታችን መጥቶ ሲያልፍ ሾፌሩ ቁልቁል አየን፤ አባቴን አወቀው መሰለኝ ክላክሱን ረዥም አደረገው። አባቴ ባርኔጣውን ወደ ታች ሳበ። ኬላ ላይ ወታደሮቹ ገንዳውን አይተው እስኪጠግቡ ስቀው ነው ያሳለፉን።

የዚያን ዘመን የእስር ቤት ደንብ ያላወቀ ሰው አልነበረም። የልጅህን ስም በወረቀት ጽፈህ ከስንቁ ጋር ትሰጣለህ። ተቀብለው ባዶ ዕቃ ከመለሱልህ ልጅህ እዚያ አለ፣ በልቷል። ሙሉውን ከመለሱልህ የለም። በሁለት ከተሞች ስሙ ከእኛ ዘንድ አይገኝም ተባልን። ሦስተኛዋ ከሐይቆቹ ወዲያ ያለች ከተማ ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች አልናገርም። በር ላይ የነበረው ጠባቂ ወረቀቱን አይቶ ምሳ ዕቃውንና ሹራቡን ተቀብሎ ገባ። ግማሽ ሰዓት ያህል አስቆመን። ሲመለስ ምሳ ዕቃውን ባዶውን ሰጠን።

ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ገንዳው እስከ ቁርጭምጭሚታችን ሞላ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ለዝናቡ ሰጠና ይስቅ ጀመር፤ የስድስት ወር ሳል ከሳቁ ጋር እየተቀላቀለ። "ባዶ ነው! ባዶ!" እያለ ምሳ ዕቃውን በጣቱ ይመታል። ያን ቀን መኪናዬን ወደድኩት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ወድጄው አላውቅም።

ሴትዮዋ ምሳ ዕቃውን ከፍታ አየች። በዳሩ ላይ ቅቤው ውስጥ ጣት የሄደበት መስመር ነበረ። "የልጄ ጣት" አለች። ጮሃ እንዳታለቅስ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ምሳ ዕቃውን ሳታጥብ ሳጥን ውስጥ እንደቆለፈችው፣ ሁለተኛውን ስንቅ በሌላ ዕቃ እንደሠራች ኋላ ሰማሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ስንቅ ይዘን ሄድን። ማለዳው ብርድ ነበር። በሩ ላይ ያው ጠባቂ ቆሟል። ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል፤ ክርኑ ላይ አረንጓዴ ክር አለው። አባቴ ክርኑን አየ። ጠባቂው አባቴ ያየውን አየና ክንዱን ወደ ጀርባው አደረገ።  ምሳ ዕቃውን ሊቀበል የዘረጋውን እጁን መልሶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"አባት፣ ከእንግዲህ አይድከሙ" አለ።

ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ በአገሩ ያልገባው ሰው አልነበረም። አባቴ "እሺ ልጄ" አለው። ልጄ ነው ያለው፤ እኔ ብሆን ያገኘሁትን ድንጋይ ነበር የማነሳው። ተመልሶ ጠርዙን ተሻግሮ ገባና ሙሉውን ምሳ ዕቃ ጉልበቱ መሃል አደረገው።

ቆቃ ሐይቅ አጠገብ ስንደርስ እጁን አነሳ። እዚያ "አቁም" አለኝ። ምሳ ዕቃውን ከፈተ።

"ብላ።"

"ምን?"

"ሙሉውን ይዘንላት ልንገባ ነው?"

ለውሻ እንስጠው አልኩ፤ የሰው ልጅ ስንቅ ለውሻ አይሰጥም አለኝ። ሐይቅ እንጨምረው አልኩ፤ እህል ነው አለኝ። ስለዚህ በላን። በዚያ ለመዝናኛ በተሠራ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ የሞተ ልጅ ስንቅ በእጃችን እየጠቀለልን በላን። ይጣፍጥ ነበር። መጣፈጡን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩትም። ስንጨርስ አባቴ ወደ ሐይቁ ወርዶ ምሳ ዕቃውን በአሸዋ ፈትጎ አጠበው። የሰው ዕቃ ቆሽሾ አይመለስም፤ ሾፌር ሆኖ በየመንገዱ የሰው እህል ሲበላ የኖረበት ወግ ነው።

"ተቀበሏችሁ?" አለች ሴትዮዋ፣ ገና ከመኪናው ሳንወርድ።

"ተቀበሉን" አለ አባቴ።

ደም አሳይቷት ያላመነችውን ሰው በዚህች አንድ ቃል አመነችው ብዬ ገረመኝ፤ ናቅኳትም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ምሳ ዕቃ ሞልታ መጣች። እኛም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ገንዳውን አስነስተን ቆቃ ድረስ ሄድን፣ በላን፣ አጠብን፣ ደርሶ መልሱ የሚፈጀው ሰዓት እስኪሞላ ግራር ሥር ተቀመጥን፣ ተመለስን። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ይህን የተናገረ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ጭኖ አያውቅም። አቧራው መጣ፣ ነፋሱ መጣ፣ ክረምቱ ዞሮ መጣ፤ ሰው በበጋ እሑድ ሊጫወትበት በሠራው ዕቃ ዓመት ከዓመት አንዲት እናት ስናታልል ከረምን። አባቴ ግን ቅቤው ገላው ላይ ታየ። ጉንጩ ሞላ፣ ሳሉ ጠፋ፣ ኮቱ ጠበበው። ዓይኑን ግን ከእሷ ዓይን ጋር አላገናኘውም። "ተመስገን፣ ወፈሩ እኮ ጋሼ" ስትለው ራሱን ወደ ምድር ይደፋ ነበር።

ያቆመን ገንዳው ነው። ከታችና ከላይ ሲገባበት የከረመው ውሃ ሻንሲውን በልቶት ኖሮ አንድ ቀን ባቡር ሐዲዱ ላይ ለሁለት ተሰበረ። አባቴ ሄዶ ነገራት። "ይበቃል ጋሼ" አለች፤ "እርስዎም ደከሙ።" በዚህም ቀላልነቷ ናቅኳት። ገላውን ጓሮ ጣልኩት፤ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበት ጀመር።

አባቴ የሞተው ከዚያ ሰባት ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በሳንባው ሳይሆን በልቡ ነው። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ መጣ፤ ገሚሱ መሞቱን ለማረጋገጥ የመጣ ይመስለኛል። ሴትዮዋ በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ አጠገቤ ተቀመጠች። አርጅታለች። ልጇ አልተመለሰም። ንስሐዬን ልገባ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ዕቃዬን ታጥቦ ነበር የምታመጡልኝ" አለች።



"መጀመሪያ ጊዜ ቅቤው ላይ ጣት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ታጥቦ ነው የመጣው። እስረኛ ውሃ ከየት አግኝቶ ነው ምሳ ዕቃ አጥቦ የሚልክልኝ? በሁለተኛው ቅዳሜ አወቅሁ።"

"ታዲያ እትዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ሲሠሩ ቆዩ?"

"ተነስቼ ገብስ የምቆላለት ሰው እንዲኖረኝ ነዋ። ደግሞ እሳቸው ሳንባቸውን ታመው ነበር፤ ነግረውኝ አላመንኳቸውም።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ቅቤ ለሳንባ ጥሩ ነው።"

ከዚያ ተነስታ የለቅሶውን ሳህን ልታጥብ ወደ ጓሮ ሄደች።